የመጽሐፍ አየር በአየር

እህቴ ባለፈው ክረምት ከገበዝ ማርያም መጥታ እኛ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰነበተች። መንገዱ ሲፈቅድላት ነው የመጣችው። የዛሬው መንገድ እንደ ድሮው ፍኖተ ሰላም ወጥቶ አውቶቡስ መሳፈር ብቻ አይደለም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንደ ልማዷ የቡሬ በርበሬ በፌስታል፣ ፌስታሉን በነጠላ፣ ነጠላውን በማዳበሪያ ጠቅልላ ይዛለች። እሱን ከትከሻዋ ሳታወርድ ዐይኗ የልጄ ቦርሳ ላይ ቀረ። ቦርሳው ላይ ጥርሱን ያገጠጠ፣ ጆሮው የጥንቸል፣ ፊቱ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ጸጉራም አሻንጉሊት ተንጠልጥሏል።

‹‹በስመ አብ! ይሄ ደሞ ምንድን ነው? ለቡዳ ነው?››

‹‹ላቡቡ ነው እቴቴ፤ ፋሽን ነው። የኔ እንኳ ፌኩ ነው። ዋናውን ጓደኛዬ ከዱባይ አስመጥታ ካርቶኑን ሳትከፍት በእጥፍ ሸጠችው።››

ከዚህ ሁሉ ወሬ እህቴ ጆሮ የገባው ‹‹ሳትከፍት›› የሚለው ብቻ ነው።

‹‹ምን እንዳለበት ሳይታይ? የጤፍ ጆንያ እንኳ ተወግቶ ታይቶ ነው እኮ የሚገዛ!››

‹‹ከተከፈተማ ዋጋው ይወርዳል።››

‹‹ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም›› ብላ በርበሬዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ልጅቷ እውነቷን ነው። አሻንጉሊቱን የሳለው በሆንግ ኮንግ ተወልዶ በኔዘርላንድ ያደገ አርቲስት ሲሆን፣ ፖፕ ማርት የሚባል የቻይና ኩባንያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያመረተ ይሸጠዋል። የሚሸጠው በተዘጋ ካርቶን ነው፤ የትኛው እንደደረሰህ የምታውቀው ስትከፍት ነው። ቁጥሩ ሆን ተብሎ ስለሚመጠን የሚሰለፈው ብዙ፣ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ገዢዎች እየተጣሉ ስላስቸገሩ ኩባንያው በየሱቁ መሸጡን ለጊዜው እስከ ማቆም ደርሶ ነበር። በሰኔ ደግሞ ቤጂንግ ውስጥ ሰው የሚያክል አንድ ላቡቡ በጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጠ። ወደ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር መሆኑ ነው። ከዚያ አምራቹ በብዛት ማውጣት ሲጀምር፣ ገዝቶ ለመሸጥ ያከማቸው ሁሉ ዋጋው ሲወርድበት ካርቶኑን ታቅፎ ቀረ። እንግዲህ የኛ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ንግድ ድሮውንም ቃል አለው፤ አየር በአየር። ዕቃው መሬት ሳይነካ፣ ማንም ሳይጠቀምበት፣ ከእጅ እጅ እየዘለለ ዋጋው ብቻ የሚያድግበት ንግድ።

እኔም አብሬ ስስቅ ነበር። ማታ ሁሉም ሲተኛ መደርደሪያዬ ፊት ቆምኩና ሳቄ ጠፋ። በላስቲክ የተጠቀለሉ፣ ከገዛኋቸው ጀምሮ አንድም ቀን ገልጬ ያላነበብኳቸው ሦስት መጻሕፍት አሉኝ። ለምን አልገለጥካቸውም ብትሉኝ መልሴ የልጄ መልስ ነው።

መጽሐፍ ወዳጅ ነን የምንል ሰዎች የራሳችን ላቡቡ አለን። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሳትፈርስ በየበረንዳው፣ አራት ኪሎ፣ ለገሃር፣ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ፣ መርካቶ ጓሮ ስንንከራተት የኖርን እንተዋወቃለን። ስም ባንተዋወቅ እንኳ በአጎነባበሳችን እንተዋወቃለን። ከሻጩ ክምር ውስጥ አንዱን መዝዘን መጀመሪያ የምናየው ርዕሱን ሳይሆን የኅትመት ዘመኑን ነው። ‹‹የመጀመሪያ እትም›› የምትለዋን ስናገኝ ፊታችን ላይ ምንም እንዳይነበብ እንጠነቀቃለን። ሌላ የማንፈልገውን መጽሐፍ አንስተን ዋጋ እንጠይቃለን፤ ‹‹ይቺኛዋንስ ምን ትለኛለህ?›› የምንለው በመጨረሻ፣ እንደ ምርቃት ነው። አሁን አሁን ነገሩ ወደ ቴሌግራም ገብቷል። የሽፋን ፎቶ፣ ‹‹አንድ ፍሬ ብቻ››፣ ‹‹ዋጋ ኢንቦክስ››። በአደባባይ የማይነገር ዋጋ መቼም ለገዢው ታስቦ አይደለም።

መሸጥ መለወጥ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። የበርበሬ አገር ልጅ ነኝ። ቡሬ ላይ ነጋዴው በምርት ጊዜ ገዝቶ ጎተራ ያስገባል፤ ዋጋ ሲወደድ ያወጣል። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ነጋዴውም እንደሚያውቅ ያውቃል። አንዱ ሌላውን ‹‹እኔ እኮ በርበሬ በጣም ስለምወድ ነው›› ብሎ አያታልለውም። ተከራክረው፣ ተማምለው፣ ሚዛኑን ተጠራጥረው ይለያያሉ። ንጹሕ ጠብ ነው። ደግሞ በርበሬው ዞሮ ዞሮ ወጥ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ዋጋ መወደዱም ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ ያሳተመው የበዓሉ ግርማ ‹‹ኦሮማይ›› ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ እጅ ላይ የቀረው ቅጂ ከሽፋኑ ዋጋ ብዙ እጥፍ በድብቅ ይሸጥ ነበር። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ መጽሐፉን በጋቢ ውስጥ ደብቆ የሚሸጥ ሰው ትርፍ ብቻ አልነበረም የሚያስበው፤ ዋጋው ውስጥ ፍርሃትም ይታሰባል። ገዢውም ለመደርደሪያ አይደለም የሚገዛው፤ ሌሊቱን አንብቦ ለሚቀጥለው ያሳልፈዋል። ደርግ ከወደቀ በኋላ መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። ታሪኩን ማንበብ የፈለገ ሰው ዛሬ ችግር የለበትም። የ1975ቱ እትም ዋጋ ግን መውጣቱን አላቆመም። ስለዚህ አሁን የሚሸጠው ታሪኩ አይደለም ማለት ነው።

የሸክላውም ነገር እንዲሁ ነው። አምኃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የዓለማየሁ እሸቴን፣ የማህሙድ አህመድንና የሌሎችን ዘፈኖች ሲያሳትም፣ ሸክላው ተገዝቶ ይሰማ ነበር፤ በየቡና ቤቱ እስኪያልቅለት፣ መርፌው ጎድጓዳ እስኪያወጣበት ድረስ። አብዮቱ መጣ፤ ካሴት መጣ፤ ሸክላውን ሰው ጣለው። ከዚያ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ‹‹ኢትዮጲክስ›› የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ሲጀምርና በ2005 እ.ኤ.አ. የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሰማ፣ የውጭ ሰብሳቢዎች ዐይን ወደ መርካቶ ዞረ። ዛሬ አንዲት ትንሽ ደህና የተያዘች የዚያ ዘመን ሸክላ በመቶዎች ዶላር ትሸጣለች። ከዚያች ሽያጭ ዘፋኙም፣ ግጥም ጸሐፊውም፣ ሳክስፎን የነፋውም አንዳች አያገኙም። ፈረንሳዮች ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥዕል በተሸጠ ቁጥር ለሠዓሊው ወይም ለወራሾቹ ድርሻ እንዲሰጥ በሕግ ደንግገዋል። የታተመ መጽሐፍና የታተመ ሸክላ ግን እዚያም ይህን አያገኝም።

አሁን ለሰብሳቢው ልፍረድለት። እሱ ባይኖር ኖሮ ብዙው ነገር ጠፍቶ ነበር። በየገጠሩ ሱቅ ስኳርና ሻይ ቅጠል የሚጠቀለለው በምን እንደነበረ የምናውቅ ሰዎች፣ የቆሎ መጠቅለያ ሲገልጡ ግማሽ ምዕራፍ ያነበቡ ሰዎች፣ ይህን መካድ አንችልም። ለወረቀቱ ዋጋ የሰጠው ዋጋ የጠራለት ሰው ነው። ይህን ክርክር ራሴም ለዓመታት ተከራክሬበታለሁ፤ ለተማሪዎቼም ነግሬያቸዋለሁ። ጥሩ ክርክር ነው። አስቀያሚው ነገር እኔን ያዳነኝ ከምን እንደሆነ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ፋሲካን አገሬ ገባሁ። ገና ወጣት መምህር ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል መባሉ ለመንደሩ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ባይገባውም ደስ ይለው ነበር። በዚያው ሰሞን የእኛው አካባቢ ሰው የሆኑ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ አስተማሪ ሙት ዓመታቸው ነበር። ከተዝካሩ በኋላ ባለቤታቸው ለብቻ ጠሩኝና ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ሳቡ። ከሞስኮ በአማርኛ ታትመው ይመጡ የነበሩ ቀያይ መጻሕፍት፣ የመምህራን መመሪያ፣ ምስጥ የጎበኘው መዝገበ ቃላት፣ ከሥር ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››። ገለጥ አደረግኩት። ብርሃንና ሰላም፣ 1958 ዓ.ም.። የመጀመሪያው እትም።

ፊቴ ላይ ምንም እንዳይነበብ ተጠነቀቅሁ። ከፒያሳ በረንዳ የተማርኩት ትምህርት ባል ከሞተባት ሴት ጓዳ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

‹‹እኔ ፊደል አልቆጠርኩም›› አሉኝ። ‹‹እሱ ማታ ማታ ያነብልኝ ነበር። አሁን ማን ያነበዋል? አንተ የምትወድ ሰው ነህ፤ ከሚያነበው ሰው እጅ ይግባልኝ።››

ዋጋም አልጠሩም። እኔ ነኝ 200 ብር አውጥቼ ‹‹ለሻማ ትሁንዎት›› ያልኩት። መረቁኝ። ሳጥኑን አህያ ጭኖ ያወረደልኝ ልጅ እንኳ ከእኔ አሥር ብር ሲቀበል ተከራክሮ ነው።

መጽሐፉን አዲስ አበባ ወስጄ አነበብኩት። አስቀድሜም አንብቤው ነበር፤ የመጽሐፉ ታሪክ የሚጀምርበት ማንኩሳ ለእኛ አገር ሰው ልብ ወለድ አይደለም፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የምናልፍበት ነው። ይህኛው ቅጂ ግን ሌላ ነበር። አስተማሪዬ በእርሳስ፣ በዚያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በማውቀው ቀጥ ባለ ፊደላቸው፣ ኅዳጉን ሞልተውታል። ማንኩሳ የሚለው ስም አጠገብ ‹‹አባቴ በቅሎ የገዙበት ገበያ›› የሚል አለ። ጉዱ ካሣ ሲመጣ ‹‹ይህን ሰው አውቀዋለሁ›› ብለዋል፤ ማንን እንደሆነ አልጻፉም። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ፣ ከነቀኑ፣ ‹‹ዛሬ አንብበን ጨረስን። ሚስቴ አለቀሰች›› ይላል።

ከሁለት ወር በኋላ ሸጥኩት። ለአንድ ሰብሳቢ ወዳጄ፣ 900 ብር። ለምን ብትሉኝ የቤት ኪራይ ነበረብኝ፤ እውነት ነው። ሌላ ቅጂ አለኝ ብዬ ነበር፤ እሱም እውነት ነው። እዚህ ከምስጥና ከኪራይ ቤት ጣሪያ ፍሳሽ ይድናል ብዬም ነበር። የሠራሁት ስህተት አንድ ቦታ ብቻ ነው ብዬ ራሴን ሳጽናና የኖርኩት ለሴትየዋ ትርፉን አለማካፈሌን ነበር። እሱ ግን ትንሹ ነው።

ትልቁ ይኼ ነው። ስገዛ የተናገርኩት በአንባቢ አፍ ነው፤ ስሸጥ የተናገርኩት በነጋዴ አፍ ነው። ሴትየዋ ዋጋ ያልጠሩት የመጽሐፉን ዋጋ ስላላወቁ ብቻ አይደለም፤ ለአንባቢ መጽሐፍ አይሸጥም ብለው ስለሚያምኑ ነው። የሰጡኝ ቅናሽ የፍቅር ቅናሽ ነው። ያንን ቅናሽ ወስጄ ወደ ብር መነዘርኩት። የበርበሬ ነጋዴው ቢሆን ዋጋውን ባያውቁ እንኳ ጎረቤት ይጠይቁበት፣ ይጠራጠሩት ነበር። እኔን አልተጠራጠሩኝም። በመጽሐፍ ወዳጆች መካከል ያለው አየር በአየር ከሌላው የሚከፋው በዚህ ይመስለኛል፤ የሚያተርፈው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከእምነቱ ነው። አንዱ ለሌላው ‹‹አንተ ስለምታነበው ነው፤ የገዛሁበትን ስጠኝ›› ብሎ ያሳልፍለታል፤ በሳምንቱ መጽሐፉ ‹‹ዋጋ ኢንቦክስ›› ተብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ሰው ለሦስተኛው በገዛው ዋጋ አይሰጥም። ሦስተኛውም ለአራተኛው አያውስም። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው፣ ድሮ ስንዋዋስ የኖርን ሰዎች ዛሬ መደርደሪያችንን የምንቆልፈው። ሌባ ፈርተን አይደለም።

እንዲያው ለነገሩ፣ ያንን መጽሐፍ ከዓመታት በኋላ ወዳጄ ቤት አየሁት። በወፍራም ላስቲክ ተለብጧል። ‹‹ልየው?›› አልኩት። እጄን ካስታጠበኝ በኋላ ሰጠኝ። ማንኩሳን ፈለግኩ። ኅዳጉ ባዶ ነው። ጉዱ ካሣንም ፈለግኩ፤ ባዶ። ወረቀቱ ትንሽ ሳስቷል፤ በዚያ ቦታ ላይ ብቻ ነጣ ብሏል።

‹‹ቆሽሾ ነበር እኮ›› አለኝ በኩራት። ‹‹በላጲስ፣ ቀስ ብዬ፣ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ አጸዳሁት። አሁን ዋጋው እጥፍ ነው።››

የብራና መጻሕፍቶቻችንን መጨረሻ ቅጠል ያየ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። መጽሐፉ የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳጻፈው ከተነገረ በኋላ ግዝት ይከተላል። ግዝቱ የሰረቀውን ብቻ አይደለም የሚያወግዘው፤ የፋቀውንም ነው። ልጅ ሆኜ የሰረቀው ገብቶኝ፣ የፋቀው ምን እንዳደረገ አይገባኝም ነበር። ፊደል መፋቅ እንደ መስረቅ የሚቆጠረው ለምንድን ነው? ድኻ ደብተራ ብራናውን እንደገና ሊጽፍበት ቢፍቀው ምን አለበት? እላለሁ። ወዳጄን ግን ምንም አላልኩትም። ምን ብዬ? የፋቀው እሱ ነው፤ ያስፋቀው የእኔ 900 ብር ነው።

እህቴ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው ነገሩን ያነሳችው። የአስተማሪዬ ባለቤት አሉ፤ ቆብ ጭነዋል። የልጅ ልጃቸው ከፍ ብሏል፤ ማንበብ ይወዳል።

‹‹እማሆይ ጠይቁልኝ ብለዋል። ያንን የማንኩሳውን መጽሐፍ ልጁ ያነብላቸው ዘንድ ታውሳቸው እንደሆነ። ይመልሱልሃል።››

‹‹አዲስ እትም ገዝቼ እልክላቸዋለሁ።››

‹‹እሱን አይደለም የሚሉት። የእሱን ነው የሚሉት። የጻፈበትን።››

ለእህቴ አልነገርኳትም። ‹‹ፈልጌ አያለሁ›› አልኩ። በማግስቱ ወዳጄ ዘንድ ደወልኩ። መጽሐፉ አሁንም አለው፤ ላስቲኩም ላዩ ላይ ነው። ዋጋውን ነገረኝ። የጡረታዬን ስንት ወር እንደሚፈጅ አስልቼ ዝም ስል፣ ‹‹ለአንተ ስለሆነ እኮ ነው›› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለሌላ ሰው ከዚህም ያስወድዳል። ደግሞ ብገዛውስ የምልክላቸው ባዶ ኅዳግ ነው።

አራት ኪሎ ሄጄ አዲሱን እትም ገዛሁ። የገዛሁት ቀን ማታ እርሳስ ቀርጬ ተቀመጥኩ። ማንኩሳ ጋ የበቅሎውን ነገር ጻፍኩ፤ ፊደሌ እንደ እሳቸው ቀጥ አይልም። ጉዱ ካሣ ጋ ደረስኩ፤ የትኛው ገጽ ላይ እንደነበረ ግን እርግጠኛ አልሆንኩም፤ መጀመሪያ የሚመጣበት ላይ አደረግኩት። ሌሎቹን ረስቻቸዋለሁ። ከሰላሳ አያንሱም ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ ‹‹ዛሬ አንብበን ጨረስን። ሚስቴ አለቀሰች›› ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ቀኑን ለማስታወስ ብዙ ቆየሁ። ወሩ ግንቦት ይመስለኛል። ዓመተ ምሕረቱ ጨርሶ አልመጣልኝም።

ጠዋት እህቴ በርበሬውን ካመጣችበት ማዳበሪያ ጨርፋ ቀድዳ መጽሐፉን ጠቀለለችው።

‹‹አገኘኸው?›› አለችኝ።

‹‹የእሱ አይደለም በያቸው›› አልኳት። ‹‹ለምን ካሉሽ እኔ ራሴ ስመጣ እነግራቸዋለሁ በያቸው።››